ያልተነካችው ዳንሰኛ

«ኧረ ቁሚ! መርፌው ጎንሽ ውስጥ ካልገባ አይሆንም?» አለች አክስቷ፣ በከንፈሮቿ የያዘቻቸውን ስፒሎች ሳታወጣ። «ሰው ለአንድ ቀን ቀሚስ እንዲህ ይቁነጠነጣል?»

«የአንድ ቀን አይደለማ!»

«አዎ፣ የዕድሜ ልክ ነው። ነገርሽኝ እኮ። ትናንት ነገርሽኝ፣ ከትናንት ወዲያም ነገርሽኝ፣ ተኝተሽም ነገርሽኝ።»

ፒንሳ ሳቀች። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን ገና የወተት ጥርሷ ሳይነቀል የአባቷን ፒንሳ ይዛ ስትዞር አይቶ «ፒንሳ» አላት፤ እሷም ወደደችው፤ በዚያው ቀረ። አባቷ በከተማው መዝናኛ ስፍራ ሳንቲም ጎራሽ ማሽኖችን የሚጠግን ሰው ነበር። ሳንቲም ስትከትባቸው የክንድህን ጉልበት የሚለኩልህ፣ ዕድልህን በካርድ የሚተፉልህ፣ የመረጥከውን ዘፈን የሚያዘፍኑልህ፣ እነዚያን። መዝናኛው ሲዘጋ ማሽኖቹ ተበታተኑ። አንዱ የዶሮ ቤት ሆነ፣ አንዱ ተፈልጦ ማገዶ ሆነ፣ አንዱ የሰው ምድር ቤት ገብቶ ዝናብ ጠጣ። አባቷ የቀረ ዕድሜውን እነሱን ፈልጎ ሲያስነሳ ኖሮ ሞተ። ዎርክሾፑ የእሷ ሆነ፤ ልብስ ሰፊዋ አክስቷ ደግሞ እናትም አባትም ሆነቻት።

ቀሚሱ ውሃ ሰማያዊ ነው። የተሰፋው ለሰብሳቢው ግብዣ ነው። «ሰብሳቢው» ሲባል በዚህ ሙያ ያለ ሁሉ ማን እንደሆኑ ያውቃል፤ ኮረብታው ላይ ያለው ትልቁ ቤት የእሳቸው ነው፤ አንድ አዳራሽ ሙሉ የድሮ ማሽን አላቸው። የጠሯት ግን እሳቸው አይደሉም። የጠራት ትንሹ ልጃቸው ነው።

«አባቴ ፊት አቆምሻለሁ» ብሏታል። ከዚያ በላይ አላለም። ከዚያ በላይ የሚል ሰው አይደለም፤ ለዚህም ነው «ቁጥቡ» ያለችው።

«እኔስ ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን ነው የምፈራው» አለች አክስቷ፣ የመጨረሻውን ክር በጥርሷ እየበጠሰች። «ልጁ አንድም ቀን በፊት ለፊቱ በር ገብቶ አያውቅም።»

«ዓይን አፋር ነው።»

«ዓይን አፋር! ይሁን እስቲ። ዙሪ፣ ልይሽ።»

ዞረች። አክስቷ ቀልዷን ሁሉ ረሳች። «እናትሽን መሰልሽ» አለችና፣ መሬት ላይ ምንም ስፒል ሳይኖር ስፒል የምትለቅም መስላ ጎንበስ አለች።

* * *

ቁጥቡ መጀመሪያ የመጣው ሰማዩ በተቀደደበት አንድ ከሰዓት ነበር፣ ሸራ የለበሰ ነገር በኪራይ ፒክአፕ ጭኖ። ሸራውን ገለጠችው። የሰው ቁመት ያለው የእንጨት ሳጥን ነው። መስታወቱ ረግፏል። ውስጡ ሦስት የቆርቆሮ ሙዚቀኞች አሉ፤ ከበሮ መቺው፣ ቫዮሊን ተጫዋቹና መለከት ነፊው፤ ሁሉንም ዝገት በልቷቸዋል። መሐላቸው በሚሽከረከር ሳህን ላይ የእንጨት ዳንሰኛ ቆማለች። ራስ የላትም። ግራ እጅም የላትም።

«ትድናለች?» አለ ሰውየው። ታማሚ ይዞ ሐኪም ቤት የመጣ ነበር የሚመስለው።

«መሽከርከሩን ትሽከረከራለች። ራሷን ግን እኔ ነኝ የምቀርጸው። ያኔ የድሮዋ አትሆንም፤ የእኔ ሥራ ነው የምትሆነው። ይህን ካሁኑ ይወቁት።»

«ይሁን» አለ።

ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ባሉት ወራት እየመጣ አጠገቧ ተቀመጠ። መጀመሪያ እሷ ብሎን ስትፈታ መብራት ያዘላት። ከዚያ ዝገት መፈግፈግ ለመደ፤ ነጫጭ ሸሚዞቹ በግሪስ አለቁ። እርስዎ ነበር የሚባባሉት፤ እሱ ደንበኛ፣ እሷ ባለሙያ። አንድ ቀን የማሽኑ ትልቁ ሞላ ከመቀመጫው አምልጦ ሲፈናጠር «ያዘው! ያዘው! ኧረ እጅህን እንዳይቆርጥህ!» ብላ ጮኸች። ተረባርበው ያዙት። ሞላው ጸጥ ሲል ነው ያለችውን ሁለቱም የሰሙት።

«"እጅህን" አልሽኝ» አለ።

«ደንግጬ እኮ ነው… ይቅርታ ያድርጉልኝ—»

«ተይ። አትመልሺው።»

አልመለሰችውም።

የዳንሰኛዋን ፊት ስትቀርጽ ደግሞ ከእንጨቱ ይልቅ እሷን ነበር የሚያየው። «ስትስቂ ከንፈርሽ በግራ በኩል ቀድሞ ይስቃል፤ እንደዚያ አድርጊያት» አላት። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። እንዳለውም አደረገቻት።

አባቷ ያስነሳው ማሽን ሆድ ዕቃ ውስጥ፣ ሰው በማያየው ቦታ፣ አንዲት ትንሽ ኮከብ በምስማር ይጭር ነበር። እሷም ይህን ልማድ ወርሳለች። ምስማሩን አንስታ ልትጭር ስትል ግን እጇን ያዘው። «ይቺኛዋ ያንቺና የኔ ምስጢር ትሁን» አላት በለሆሳስ። ከያዘ በኋላ ቶሎ አልለቀቀም። ኮከቡን ተወችው። አዲሱን ቀለም «አሮጌ አስመስይልኝ» ሲላት በሻይ ቅጠልና በጥላሸት አደበዘዘችው፤ አሮጌ ነገር የሚወድ ሰው ነው ብላ። በጓሮ በር ሲገባ ዓይን አፋርነቱ ነው አለች። አክስቷ ማሽኑን ፎቶ ልታነሳ ስትል ሲከለክላት፣ አባቱ ቀድመው እንዲያዩት ፈልጎ ነው አለች። የወደደ ሰው ምክንያት አያጣም።

ሥራው ያለቀ ዕለት ሳንቲም ከተቱ። ከበሮው መታ፣ ቫዮሊኑ እየተንቀጠቀጠ ተከተለው፣ ዳንሰኛዋ ቀሚሷን ነፋ አድርጋ ዞረች። እሱ ማሽኑን አላየም።

«አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ?» አላት። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። አባቴ ፊት አቆምሻለሁ ያለው ያን ቀን ነው። እሷም በዚያ ቃል ላይ ተኛች፣ ነቃች፣ በላች፣ ጠጣች።

* * *

አዳራሹ በሰው ተሞልቶ ነበር። ማሽኖቹ በረድፍ ቆመው አምፖሎቻቸው ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ሽቶና ቨርኒሽ አንድ ላይ ይሸታል። ቁጥቡ በሩ ላይ ሲያያት ፈገግ ብሎ «እዚህ ጥግ ቁሚ፣ መጣሁ» አላት። ቆመች። ቀሚሷን ዳሰሰች። በሰው መሐል ሲያልፍ በዓይኗ ተከተለችው፤ ይህ ሰው የኔ ነው እያለች ኮራች።

ሰብሳቢው ከዘራቸውን አንድ ጊዜ መሬት ላይ መቱ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ወዛቸው ያልጠፋ፣ ድምፃቸው የሚሞቅ ሽማግሌ ናቸው።

«ይህን ማሽን ልጅ ሆኜ እናቴ ትከሻዋ ላይ አውጥታ አሳይታኛለች» አሉ፣ በጨርቅ የተሸፈነውን ሳጥን እየዳበሱ። «ከዚያ ወዲህ ስፈልገው ኖሬያለሁ። የተሰበረ አይቻለሁ፤ የተጠጋገነም አይቻለሁ። በተጠገነ ማሽን አዳራሼ ሞልቷል። እጅ ያልነካው ግን የለም እያሉኝ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ይኸውና! ከነቀለሙ፣ ከነነፍሱ፣ ማንም ሳይነካው! ያገኘልኝም ትንሹ ልጄ ነው።» ትንሽ ቆሙ። «ይህ ልጅ ምንም አይወጣለትም ብዬ የተውኩት አባት ነኝ። በናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

ጭብጨባው ጣራውን አናጋ። ፒንሳም አጨበጨበች። ሽማግሌው ተሳስተው ነው፤ አሁን ያርማቸዋል፤ «አባዬ፣ ሠሪዋ እዚያ ጥግ የቆመችው ናት» ይላል። ፈገግ ብላ ጠበቀችው። በሰዎቹ ራስ መሐል ቁጥቡ ዓይኗን አገኘው። ወዲያው ጫማውን ማየት ጀመረ።

ጨርቁ ተገለጠ። የታላቅ ወንድሙ ሚስት፣ ሳቂታ ሴት፣ ወደ መስታወቱ ተጠግታ አየችና ዞር አለች። «ኧረ አባባ! ዳንሰኛዋ ይቺን ልጅ አትመስልም? ከንፈሯን እዩት!»

ሰው ሁሉ ዞረ፤ ሳቀ። ሽማግሌው ቀስ እያሉ መጡና ፊቷን አዩ፤ ወደ ዳንሰኛዋ፣ ወደ እሷ። «እውነትም! የእግዜር ሥራ! የኔ ልጅ፣ ማን ነሽ አንቺ?»

 መልሱ የቁጥቡ ነው፤ እሱ ነው ፊታቸው አቆምሻለሁ ያላት። ዞራ አየችው።

«አቧራ የምታራግፍልን ልጅ ናት» አለ ቁጥቡ። «ዕቃው ሲመጣ ቀጥሬያት ነው።»

አልተንተባተበም። ድምፁም አልተሰበረም።

ሽማግሌው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እጅሽ ይባረክ! ሌላ ቢሆን ላሳምር ብሎ ባበላሸው ነበር። አንቺ ግን ሳትነኪ አስረከብሽኝ።»

«አሜን» አለች። ሌላ ምን ትበል? ጥፍሯ ሥር ያለው ቨርኒሽ ገና አልለቀቀም። በዚያ ዕድሜያቸው የሰጧትን ምርቃት ከእጃቸው ላይ መልሳ መወርወር አቃታት።

ሳንቲሙን ከተቱ። ከበሮው መታ። ዳንሰኛዋ ስትዞር የሽማግሌው ጉንጭ በእንባ ራሰ፤ ልጃቸውን በክንዳቸው አንገቱን አቅፈው ወደ ራሳቸው ሳቡት። ፒንሳ ያንን አየች፤ ያላትን ቃል ሁሉ ዋጠች። ሆድ ይፍጀው። ከመስታወቱ ጀርባ የራሷ ሳቅ፣ ግራ ከንፈሩ ቀድሞ፣ ለአዳራሹ ሁሉ እየዞረ ይስቅ ነበር፤ ለሁሉም፣ ለእሷም ጭምር። በሰው መሐል እርቃኗን የቆመች መሰላት።

* * *

«ፒንሳ! ቁሚ እንጂ! እባክሽ!»

ከአዳራሹ ውጭ ቁጥቡ መኪኖቹ መሐል ደረሰባት። ቆመች።

«አመሰግናለሁ» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «አዳንሽኝ።»

አቧራ አራጋፊ ከማለቱ ይልቅ ይህ ቃል ነው ያረዳት።

«አባትህ ምንም አያውቁም?»

«የተሰበረ መግዛቴን አያውቅም። እንዳለ አገኘሁት አልኩት።» ቁጥቡ ሰው ድንገት ቃል በዛለት። «ወንድሜን አየሽው? የነካው ሁሉ ይባረካል። እኔ ሱቅ ከፍቼ ከሰርኩ፣ ትምህርት ጀምሬ ተውኩ። እራት ላይ አባቴ እኔን ዘሎ ነው የሚያወራው። አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው እንዲያየኝ ፈለግኩ። ዛሬ አየኝ። ሰማሽው አይደል? ይቅርታ ጠየቀኝ እኮ!»

«ሰማሁ።»

«አንቺን ግን አልዋሸሁሽም። እወድሻለሁ።»

«ኮከቡን ስታስተወኝ ታውቅ ነበር?» አለች። «ምስጢራችን ትሁን ብለህ እጄን ስትይዘኝ፣ ይህን አስበህ ነበር?»

 ይዋሸኝ ብላ ጸለየች። አንድ ጊዜ ብቻ ይዋሸኝ።

«ሁለቱም ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እጅሽን መያዝም ፈልጌ ነበር።»

የጓሮ በሩ፣ ፎቶው፣ ሻይ ቅጠሉ፣ ጥላሸቱ፣ ፍቅር ብላ ያስቀመጠችው ሁሉ አንድ በአንድ ፊቱን አዞረባት። ከሁሉ የከበዳት ግን ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ጠልታው በዳነች።

«ስሚኝ» አለ፣ ክንዷን ይዞ። «እንጋባ። ትንሽ ጊዜ ይለፍና እንጋባ። አቧራ ልታራግፍ መጥታ ወደድኳት ብል አባቴ መጀመሪያ ይቆጣል፤ ይበርድለታል ግን። ዎርክሾፑን ትዘጊዋለሽ። ምንም አይጎድልብሽም። ብቻ ሠሪዋ አንቺ መሆንሽ በፍጹም አይነሳ።»

ይህን ጥያቄ ስንት ሌሊት በሐሳቧ ሰምታዋለች! ስንት ዓይነት መልስ አዘጋጅታለታለች!

«አቧራ አራጋፊዋን ታገባለህ» አለች። «እኔንስ የት ታደርገኛለህ?»

«አንቺው ነሽ እኮ!»

«አይደለሁም። የምትላትን ሴት አባቴ ሳጥን እየተደገፈ ሙያ አላስተማራትም። ካንተ ጋር ሞላ ይዛ አታውቅም። እኔ ካንተ ጋር የሆንኩትን ሁሉ እሷ አልሆነችም። እሷን ካገባህ እኔን ማን ያስታውሰኛል? አንተ?»

 ክንዷን ከእጁ ውስጥ አወጣችና ቁልቁለቱን ወረደች። እስከ መታጠፊያው አላለቀሰችም። ከመታጠፊያው ወዲያ ቀሚሷን የረገጠችው እንባው መንገዱን ስለጋረዳት ነው።

አክስቷ የእሑድ ጫማዋን ተጫምታ ነበር የጠበቀቻት፤ ምናልባት እሱም አብሮ ቢመጣ ብላ። የልጅቷን ፊት አየች። ምንም ሳትጠይቅ ጫማዋን አወለቀች። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ከሰማች በኋላ ነው የጮኸችው።

«አሁኑኑ ሄጄ አዳራሹ መሐል ቆሜ ካልተናገርኩ! ያ ጨዋ ሽማግሌ! እሳት አመድ ወለደ ማለት ይኼ ነው!»

«ተይ አክስቴ። ሽማግሌው ያለቀሱትን ብታዪ እንዲህ አትይም ነበር።»

«አንቺስ? ያንቺን እንባ ማን ያየዋል?»

 አክስቷ የፒንሳን ራስ ጭኗ ላይ አስተኝታ ፀጉሯን ስትዳብስ ቆየች።

* * *

ሳምንት ያህል ቆይቶ የዎርክሾፑ የፊት ለፊት በር ተንኳኳ። ሽማግሌው ነበሩ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው። ያን ሞቅ ያለ ድምፃቸውን የሆነ ቦታ ጥለውት የመጡ ይመስላሉ።

«ልጄ ትናንት ሁሉን ነገረኝ» አሉ። ወንበር ስትሰጣቸው ተቀመጡ። «ሳትነኪ ብዬ መረቅኩሽ። አንቺም አሜን አልሽ። ለምን ዝም አልሽኝ፣ የኔ ልጅ?»

«ማሽኑን አይተው ሲያለቅሱ… ደስታዎን ማፍረስ አቃተኝ፣ አባባ።»

«ለማሽኑ መስሎሻል?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሳጥንማ ስንት አለኝ። ልጄ ሰው ሆነልኝ ብዬ ነበር።»

 ያን ቅጽበት ለእኚህ ሽማግሌ እንደ ራሷ አዘነችላቸው፤ የከዳቸው ያው አንዱ ሰው ነው።

«የአባትሽን ሥራ አውቀዋለሁ፤ ያንቺን ነው ያላወቅኩት» አሉ ሲነሱ። «የጠራኋቸውን ሁሉ መልሼ እጠራለሁ። ሠሪዋ ማን እንደሆነች በገዛ አፌ እነግራቸዋለሁ።»

አመሰገነቻቸው። ከልቧ ነው ያመሰገነቻቸው። ግን ያንን ቃል ከሌላ አፍ ነበር የፈለገችው፤ ጠብታው ሲደርስም ጥሟን አልቆረጠላትም።

«እሱስ?» ብላ ጠየቀች፣ መጠየቋ እያናደዳት።

«መኪናው ውስጥ ነው። ግባ ብለው እንቢ አለኝ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለች አክስቷ ከጓዳ፣ ሆን ብላ መንገድ ድረስ እንዲሰማ።

ፒንሳ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ወጣች። መስኮቱን ዝቅ አደረገው። ዓይኖቹ ጎድጉደዋል፤ ጢሙ አድጓል።

«ነገርኩት» አለ።

«ሰማሁ።»

«ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።»

«ለእሳቸው ብቻቸውን ሲሆኑ ነገርካቸው» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «እኔን የካድከኝ ግን ያ ሁሉ ሰው እያየ ነው።»

«ምን ላድርግ? ንገሪኝ፤ የምትዪኝን አደርጋለሁ።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ። ሳልነግርህ ማድረግ ነበረብህ።»

እጁ የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ነበር። ጣቶቹ መሐል ሞላው ያን ቀን የቧጨረው ጠባሳ ይታያል። ጣቷ ወደዚያ ሊሄድ ሲቃጣው ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«ይቅር በይኝ» አለ።

«አባትህን ቤታቸው አድርሳቸው። ደክሟቸዋል» አለችና ገባች።

ሽማግሌውን ሸኝታ በሩን ዘጋች። ሽማግሌው ሲገቡ የመኪናው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማች። ሞተሩ አልተነሳም። መፍቻ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ይሂድ፣ አለች ለራሷ፤ ይሂድልኝ፣ ድጋሚ አላምነውም። ይህን ያለችው ከልቧ ነው። ያን እያለች ግን ጆሮዋ በሩ ላይ ነበር። ይውረድ፣ ይምጣ፣ አንድ ጊዜ ያንኳኳ እያለ አንድ ነገር ደረቷ ውስጥ ይለምን ነበር፤ ሞተሩ ተነስቶ ድምፁ ቁልቁለቱ ላይ እየራቀ ሲሄድ ያ ነገር እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

የእሱን ክህደት ችላው ነበር። አሁን ግን የገዛ ልቧንም ከእሱ ወገን ሆኖ አገኘችው።